አንጄላን ምን አደረጓት?

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ናይት ኦፍ ዘ ዲመንስ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ለሚወድ ሰው የ1994ቱ ክፍል ሁለት ያንገበግባል። የበጀት ማነስ ሰበብ አይሆንም፤ የመጀመሪያውም እኮ በትንሽ ገንዘብ ነው የተሠራው! ግን ጋኔን የያዛት አንጄላ ምድጃው ፊት ብቻዋን ስትደንስ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሰውነትን ውርር ያደርጋል።

ሁለተኛውስ? ያው ሃሎዊን፣ ያው ኸል ሃውስ የሚባል አጋንንት የሰፈሩበት ቤት፣ ያው ጭፈራ የጠማቸው ልጆች። አሚሊያ ኪንኬድ አንጄላን ሆና ተመልሳላቸው፣ ፊልሙን በቀልድ ሞሉት። መነኩሲቷ ማስመሪያ ይዛ ከአጋንንት ጋር ስትፋለም ፍርሃቱ እዚያው ሞተ።

በጣም የሚያበሽቀኝ የአንጄላ እህት የሜሊሳ ነገር ነው። የገዛ እህትሽ ጋኔን ሆና ስትጠብቅሽ! ይሄ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል። እነሱ ግን ጸበል የሞላ ፊኛ ወደ መወርወር ሄዱ። እንዴት ያለ ታሪክ አባከኑ!