መቶ ሺህ ነጥብ

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ነው ሲባል ቤታችን ቀለም ተቀባ። እሱ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀባል። ባለፈው ጊዜ አጥሩ ነበር።

የዘንድሮው ግን ለየት ይላል። አክስቴ ቡና ላይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች «ልጄ እኮ ተኝቶ ነው የሚመጣው!» አለች። ስኒዎቹ አየር ላይ ቀሩ። አንዷ ጎረቤት ደረቷን ይዛ «ውይ በሞትኩት! ምን አገኘው?» አለች። በእኛ ሰፈር በአውሮፕላን ተኝቶ የሚሄድ ሰው የሚታወቀው ለሕክምና ሲላክ ነው። አክስቴ ሳቀችባትና አስረዳች። ቢዝነስ የሚባለው ቦታ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። ትራስና ብርድ ልብስ ይሰጣል። ከሁሉ ደስ የሚለው ደግሞ ልጇ ለቲኬቱ ከቀረጥ በቀር ምንም አልከፈለም።

«በነጥብ ነው የሚመጣው።»

አያቴ ወዲያው ገባቸው። «እሰይ! ድሮም ጎበዝ ነው። ስንት አመጣ?»

«መቶ ሺህ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የጎረቤታችን ልጅ አምና ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ3.8 ነው። ሰፈሩ በሙሉ ዳቦ ቆርሶለታል። አራት ነጥብ ያመጣ ሰው እንኳ በዓይናችን አላየንም፣ መጽሐፍ ላይ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ ካልሆነ በቀር። የልጁ እናት ስኒዋን አስቀመጠች። «በረካውን አልጠብቅም፣ ሽሮ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች።

ሰውዬው መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ጫማና ስልክ የጠበቀ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የወጡት ዚፕ ያላቸው ትናንሽ ቦርሳዎች ናቸው። በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ጣት የምታህል የጥርስ ሳሙና፣ የጆሮ መድፈኛና ጥቁር የዓይን መሸፈኛ አለ። በየጉዞው አውሮፕላኑ ላይ ሲሰጡት ያጠራቀማቸው ናቸው። ለጋሼ፣ ለእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አንዱ ደረሳቸው። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው፣ ያንን ጥቁር ነገር ዓይናቸው ላይ አስረው፣ በጀርባቸው ተጋደሙ። መጀመሪያ ልጆች ከበቧቸው። ቀጥሎ አንድ ባለ ባጃጅ ቆመ። ጋሼ የነቁት ሰዎች ለሬሳ ማንሻ ባጃጅ ይበቃል አይበቃም ብለው ሲከራከሩ ነው።

እኔን ነገሩ ከነከነኝ። ይህ ልጅ ከገበያ ወደ ቤት በባጃጅ ለመምጣት በአሥር ብር ሩብ ሰዓት የሚከራከር ነው። እንዴት ነው ውቅያኖስ ላይ የሚንፈላሰሰው? አንድ ቀን ዓሣ ልጋብዝህ አልኩትና ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ቀረሶ ጥብስ ከነአዋዜው መጣ። እሱ ሶፍት አነጠፈና እስክሪብቶ አወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለው ባንክ ካርድ ይሰጥሃል። ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር በካርዱ ከገዛህ 60,000 ነጥብ ይመርቅልሃል። ልክ ገበያ ላይ ድንች ሻጯ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት እንደምትጨምርልህ። ከዚያ በኋላም ለምታወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር ነጥብ ይቆጠራል፣ ምግብ ቤት ከሆነ በእሱ ካርድ ሦስት እጥፍ። ነጥቡ ሲበቃ ወደ አየር መንገድ ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ራሱ ወደሚቆጥረው የጉዞ ነጥብ፣ ታዞረዋለህ። አንዴ ካዞርከው አይመለስም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 2011 ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ የሌላ አገር አየር መንገድ ማይል ይዘህ በእኛው ቢዝነስ፣ ክላውድ ናይን በሚሉት፣ ውስጥ ልትተኛ ትችላለህ። ችግሩ በነጥብ የሚለቀቀው ወንበር ጥቂት ነው። ለጉዞው ቀን አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው የሚከፈተው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ይጠብቃል። አንዲት ሌሊት ለመተኛት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ እሱ ራሱ አልቆጠረውም።

«ደግሞ ነጥብ ይረክሳል» አለኝ፣ አጥንት እየለየ። «በ70,000 የምታገኘው ወንበር ስትነቃ 100,000 ሆኖ ይጠብቅሃል።»

ይህን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሐምሌ 2016 ላይ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ።

ከእሱ የባሱ አሉ። በፈረንጆቹ 1999 ዴቪድ ፊሊፕስ የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ፣ የምግብ ማሸጊያ ላይ ያለውን ምልክት ቆርጦ ለሚልክ ሰው ማይል የሚሰጥ ማስታወቂያ አየ። ሒሳቡን ሠራና ፑዲንግ የሚባለውን ጣፋጭ 12,150 ስኒ ገዛ። ያወጣው ከሦስት ሺህ ዶላር ብዙም አይበልጥም። ያገኘው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማይል ነው። ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠና የድርጅቱ በጎ ፈቃደኞች ምልክቱን ላጡለት። ይህን ስሰማ አልሳቅኩም። በቢራ ቆርኪ ሥር መኪና ይገኛል ተብሎ ሰው ጉበቱን ሲሰዋ ያየ ከተማ ውስጥ ነው ያደግኩት።

«እና ባንኩ ምን ይጠቀማል?» አልኩት።

«ነጋዴው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይቆረጥበታል። ደግሞ በጊዜው ያልከፈለ ሰው በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ይከፍላል። እኔ ግን በየወሩ ጠርጌ ነው የምከፍለው።»

«እንግዲያ አልጋህን የሚያነጥፍልህ ወር መድረስ ያቃተው ሰው ነዋ።»

ወደ ሐይቁ ዞር አለ። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ እየቀዘፈ ያልፋል። «ዓሣው በረደ» አለኝ።

እኔም ከሱቃችን ጋር አወዳደርኩት። የእኛ ባለሱቅ በራፉ ላይ «ዱቤ ነገ ይምጡ» የሚል ለጥፎ፣ ከመደርደሪያው ሥር ግን ወፍራም የዱቤ ደብተር አለው። እኔ እዚያ ደብተር ላይ ከስሜ ጎን ብዙ ነጥብ አለኝ። ዘይት፣ ነጥብ። ሳሙና፣ ነጥብ። በእሱ የትም በርሬ አላውቅም።

ማታ ማታ ቤታችን ሌላ ክርክር ነበር። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ወደዚያ ሲኬድ ግን አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ሌላው መንገደኛ ይህን ሲሰማ ያማርራል። የአክስቴ ልጅ ደስ ይለዋል። በዚያው ነጥብ ተጨማሪ ሰዓት ይተኛላ! ጋሼ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። «እና አንተ ከላይኛው መደብ ነህ በለኛ» አሉት። አያቴ ደግሞ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያስተኙት ምንጣፍ በተደራረበበት የጭቃ መደብ ላይ ነው። «ይኸውና የኔም ይዘረጋል» አሉ። «ነጥብም አልጠይቅም።»

ጉዱ የፈላው የእህቱ መልስ ላይ ነው። ግብዣው ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ነበር። ሒሳቡን አጎቶቻችን ሊያዋጡ ተስማምተዋል። የአክስቴ ልጅ ሒሳብ መክፈያው ጋ የካርድ ማሽን ሲያይ ዓይኑ በራ። ጋሼ ጆሮ ላይ ተደፍቶ «እኔ በካርዴ ልክፈለው፣ ያዋጣችሁትን ብር ለእኔ ትሰጡኛላችሁ» አለ። ኦርጋኑ ይጮሃል፣ ጋሼም ጆሯቸው ከበድ ይላል። የሰሙት ግማሹን ነው። ኔትወርኩም፣ ሌላ ቀን ቢለምኑት የማይመጣው፣ በአንዴ አለፈ። ደረሰኙ ክርር ብሎ ሲወጣ ጋሼ ማይኩን ተቀበሉ።

«ጸጥታ! የዛሬውን ሒሳብ በሙሉ ልጃችን ችሎታል!»

እልልታው ዘጌ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የንስሐ አባታችን ተነሱ። ያውጣህ፣ ያግባህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። አያቴ ከተቀመጡበት ሆነው «ነጥቡንም ይጨምርለት!» አሉ። «አሜን!» አለ አዳራሹ። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ግራ እጁ ደረሰኙን እንደጨበጠ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ከዚህ በኋላ «ብሬን» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? የተዋጣው ገንዘብ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ጋሼ በድርሻቸው ኮርኒስ አሠሩ።

ስንሸኘው ፊቱ ብዙም አልከፋም። «ምግብ ነው፣ ሦስት እጥፍ ይገባል» እያለ በጣቱ ይቆጥር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ላከልኝ። ማሽኑ የተመዘገበው በምግብ ቤት ሳይሆን በሆቴል ነው። የቆጠሩለት ነጠላ ነው።

«ምን አለ ልጄ?» አሉ አያቴ።

«ነጥብ ቀንሰውበታል፣ እማማ።»

አያቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አስተማሪው ጠምዶት ነው» አሉ።