ሊሄድ ነው

ድሬዳዋ ላይ ለውጭ አገር ፌሎውሺፕ፣ ማለትም ወጪው ለሚሸፈን የትምህርት ዕድል፣ ያመለከተ ሰው መልሱን ብቻውን አይጠብቅም። ሰፈሩ አብሮት ይጠብቃል። አንዳንዱ እንዲያውም ከባለጉዳዩ በላይ። እኔ ማታ ማታ እተኛለሁ። የቤት አከራዬ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። "ከአንተ በኋላ ቤቱን ስንት ልበለው?" ብለው የሚያማክሩት ደግሞ እኔኑ ነው።

የፌሎውሺፑን ስም እዚህ አልጠራም። የምፈራው ሕግ አይደለም፣ ቡዳ ነው። እናቴ "ስሙን ለማንም እንዳትናገር" ብላ አስምላኛለች። ከዚያ እሷው ለዕድሩ ሴቶች በሙሉ ተናገረች። ደግነቱ ስሙን በትክክል መጥራት አልቻለችም። ቡዳው ቢነሳ እንኳ አድራሻው ይጠፋበታል።

አፕላይ ማድረጌ ከተሰማ ወዲህ "ሊሄድ ነው" የሚል ማዕረግ ተሰጥቶኛል። አልሄድኩም። ልሂድ አልሂድም አይታወቅም። ግን ከዚራ ላይ በባጃጅ ሳልፍ "እሱ እኮ ሊሄድ ነው" ይባላል። እንደታዘብኩት፣ ከሄደው ሰው ይልቅ ሊሄድ ያለው ይከበራል። የሄደው አንድ ክረምት ይወራለታል፤ ከዚያ ብር ካላከ ስሙ በክፉ ይነሳል። ሊሄድ ያለው ግን ገና ማንንም አላስቀየመም። የሚልከውን ዶላር ሁሉም በየሐሳቡ ተካፍሎ ጨርሶታል።

ክብሩ ታዲያ በነፃ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ሲደርሰኝ ጸሐፊው ብሩን ያዝ አደረገና "ዋስ አምጣ" አለኝ።

"እስከዛሬ ያለ ዋስ አልነበር የምወስደው?"

"እስከዛሬ አትሄድማ ነበራ!"

ዋስ ፍለጋ የዞርኩባቸው ወዳጆቼ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "አቦ፣ አንተ አሜሪካ ተቀምጠህ እኔ እዚህ ልከፍልልህ?" መጋላ ያለው ባለሱቅ ደግሞ የዱቤ ደብተሩን ገለጠና "ዋሪያ፣ መንገደኛ ነህ፣ ሒሳባችንን እንዝጋ" አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥልጠና ሲመጣ "ለሚቆይ ሰው ይሰጥ" ይባላል። የፈተና ቁጥጥር ሲመጣ ግን እስክሄድ ድረስ እንዳለሁ ትዝ ይላቸዋል።

ከሁሉ የከፋው የቬንትሌተሩ ነገር ነው። ድሬን የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። እዚህ ግንቦትን ያለ ቬንትሌተር ማለፍ የሚቻለው ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ ለተኛ ሰው ነው። የኔ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛሁት ነው፤ ባለ ትልቅ እግር፣ አንገቱን የሚያዞር። ገና ማመልከቻዬን ሳልልክ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ስትሄድ ለኔ ነው አደራ" አለኝ። ቀጥሎ የአከራዬ ልጅ ጠየቀኝ። ቀጥሎ የማላውቀው ሰው ስልክ ደወለ። መጻሕፍቶቼን የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ስለ ማመልከቻው ራሱ ትንሽ ላውራ። የሚገርመው ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ሕጉ ደብዳቤውን የሚጽፈው መምህርህ ነው ይላል። በምስጢር ነው የሚላከው። አንተ ማየት የለብህም። በተግባር ግን መምህርህን ስትጠይቀው "እሺ፣ አንተው ጻፈውና ላክልኝ" ይልሃል። ያኔ ጉድ ይፈላል። ይሉኝታ ያሳደገው ሐበሻ ስለ ራሱ "በጣም ድንቅ፣ አስተዋይ፣ የመሪነት ተሰጥኦ ያለው" ብሎ እንዴት ይጻፍ? አንድ ጓደኛዬ ስለ ራሱ "መጥፎ አይደለም" ብሎ ጽፎ ላከ። መምህሩ ፈርሞ አስተላለፈው። ሌላው ደግሞ ይሉኝታውን ጥሎ፣ ካስተማሯቸው ተማሪዎች ከምርጥ አምስት በመቶው ውስጥ ነው የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገ። መምህሩ ደውለው "ልጄ፣ አጋነንከው" አሉት። ተደራድረው አሥር በመቶ ላይ ተስማሙ።

የማስገቢያው ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር የዋሽንግተን ሌሊት 11 ሰዓት ከ59 ማለት፣ በእነሱ ክረምት፣ እኛ ጋ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንድ ባልደረባችን ግን 11:59 የሚለውን በእኛው አቆጣጠር አነበበው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከመምሸቱ በፊት ለማድረስ ኔትወርክ ፍለጋ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ሲሮጥ ዋለ። አሥራ አራት ሰዓት ቀድሞ አስገባ። በአገራችን የማመልከቻ ታሪክ ከዚህ ቀድሞ ያስገባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ካስገቡ በኋላ መልሱ በርጫው ላይ፣ ጫት መቃሚያው ቤት፣ ነው የሚጠበቀው። እኔ ጫት አልቅምም። ውሃና ለውዝ ይዤ ከቃሚዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ድሬ ላይ ወሬ ለመስማት ሌላ መንገድ የለም። የአወዳዩ ጫት ደርሶ ሁሉም ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ የኔ ጉዳይ ይነሳል። የሰዓቱን ስሌት ከኔ በላይ ያውቁታል። "የጀርመን ከሆነ ከምሳ በፊት ነው የሚመጣው። ቦን ቢሮ ሲገባ እኛ አራትና አምስት ሰዓት ነው። የአሜሪካ ከሆነ ግን ዋሽንግተን ቢሮ የሚከፍተው አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።" ማለትም ልክ ምርቃናው ሲደርስ። በዚያ ሰዓት ስልኬ ድምፅ ካሰማ ቤቱ ጸጥ ይላል። በምርቃና ሰዓት እምቢ የሚል ፌሎውሺፕ የለም። ቤት ያስመርጡኛል፣ መኪና ያስገዙኛል፣ ከነሱ ለሦስቱ የግብዣ ደብዳቤ ያስልኩኛል። ማምሻውን ነገሩ ይገለበጣል። ያው ቀን ያሰናበተኝ ሰው "አቦ ተወው፣ በዘመድ ነው የሚሰጡት" ይለኛል። ሌሊት የሚመጣው ዱካክ የነሱ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ወደ እኔ ይጋባል።

ስልኬ ላይ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። ዱባይ ስለሚደረግ ስብሰባ፣ ከፍለህ ስለምታሳትምበት ጆርናል። "ክቡር ፕሮፌሰር" ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ገና ዶክተርም አይደለሁም። ዋጋዬን በፍጥነትና ያለ ቃለ መጠይቅ የተረዱት እነዚህ ብቻ ናቸው።

በርጫው ላይ ስለ ፉልብራይት፣ ስለ አሜሪካ መንግሥት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም፣ የማያውቅ የለም። የኔ እሱ ነው ማለቴ አይደለም፣ የኔው ሌላ ነው። ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ሕጉን ያስወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ያውቃሉ። መነሻ ገንዘቡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የጦር ንብረት ተሸጦ የተገኘ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ሰውዬ በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ። "ሰውዬው ነጋዴ ነበር በለኛ!" አለ። ግን ይበልጥ ያነጋገረው የ2025ቱ ወሬ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሾማቸው 12 የፉልብራይት ቦርድ አባላት አሉ፤ የመጨረሻውን ምርጫ የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። በሰኔ ወር ከአንዱ በቀር ሁሉም ሥራቸውን ለቀቁ። እኛ የመረጥናቸውን ሰዎች መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ሰረዘ ብለው ነው። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከጥግ አንዱ "እንግዲህ አስቡት፤ መራጮቹ ሄዱ፣ አመልካቾቹ ቀሩ" አለ። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

ያልገባቸውና ልንግባባበት ያልቻልነው ነገር መመለሱ ነው። በእነዚህ የልውውጥ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጄ ዋን የሚባለው ቪዛ ነው። በፉልብራይት የሄደ ሰው ቋሚ መኖሪያ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቆየት አለበት። ይህን ለበርጫው ሳስረዳ እንደ ቀልድ ነው የሰሙት። "ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ እዚሁ ድሬ ይቀመጣል?" "አዎ።" "ታዲያ አሁንስ የት ነው ያለው?"

እናቴ በሷ በኩል ሥራ ላይ ናት። ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ጃንጥላ ይሁን ሌላ፣ ስለቱን አትነግረኝም። አንድ ቀን ደውላ "ፎርሙ ላይ ያለውን ቁጥር ስጠኝ" አለችኝ። ለምን ብላት "ስለቱ ላይ ስም ብቻ ከሆነ ያምታታል፣ አመልካቹ ብዙ ነው አላልክም?" አለችኝ። ጎረቤታችን ያሉት እናት በበኩላቸው ዱዓ አስደርገውልኛል። ሁለቱ ሴቶች በየማታው ይገናኛሉ። እስካሁን ባይነጋገሩበትም፣ ካለፍኩ ምስጋናው ለማን ነው የሚለው ትንሽ ሳያሳስባቸው አልቀረም። ከወደቅሁ ግን ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ተስማምተዋል።

እናቴ ሁኔታውን ስትጠይቀኝ ድረ ገጹ ላይ ያለውን አነብላታለሁ። "እየታየ ነው ይላል።"

"አሁንም?"

"አሁንም።"

"ምኑን ነው እስካሁን የሚያዩት? አምስት ገጽ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

መልስ የለኝም።

እኔን ግን በትክክል የጠየቁኝ ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሲናደዱ በፈረንሳይኛ ይሳደባሉ። አንድ ቀን ጠዋት ፈጢራ ስንበላ "ምንድነው የምታጠናው?" አሉኝ።

"የድሬዳዋን የባቡር ታሪክ።"

"የት ሄደህ?"

"አሜሪካ።"

ሻያቸውን አስቀመጡ። "ባቡሩ አሜሪካ ሄደ እንዴ?"

ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ንድፈ ሐሳብ፣ ስለ ማኅደር አስረዳኋቸው። "ሐዲዱ ከቤትህ በእግር የሚደረስበት ነው፤ እኔም እዚሁ ነኝ፤ ጠይቀኝ" አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። ባቡሩ በመጀመሪያ ሐረር ነበር መግባት የነበረበት። ተራራው ላይ ሐዲድ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ተባለ። ስለዚህ ሐረርን ከላይ ትተው ሜዳው ላይ ጣቢያ ሠሩ። ቦታውንም አዲስ ሐረር አሉት። ድሬዳዋ ማለት ይቺው ናት፤ በጀት አልበቃ ሲል የተወለደች ከተማ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና ቆመ። ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታቱ ተጨቃጨቁ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት መሐል ወደ መሐል አገር የሚያልፍ ሁሉ ከባቡሩ ወርዶ ድሬ ላይ በቅሎ ይፈልግ ነበር።

"ስለዚህ መጠበቅን ለእኛ አታስተምረን" አሉኝ። "ግን እኛ ጋ ሥርዓት ነበረው። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ከዘገየ 'ሦስት ሰዓት ዘግይቷል' ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ሰው አይቶ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። የናንተዎቹ ጠመኔ የላቸውም?"

ይህን ጥያቄ በጨዋ እንግሊዝኛ ለፌሎውሺፑ ቢሮ ልኬዋለሁ። መልስ መጣ። ይህ አድራሻ መልእክት አይቀበልም ይላል።

ዋናው ደብዳቤ የመጣው በግንቦት፣ በበርጫ ሰዓት ነው። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ይጀምራል። ቤቱ ጮኸ። አንዱ ለእናቴ ደወለ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ቀነሰ። ተጠባባቂ ሆነሃል ነው የሚለው። ከዋናዎቹ ተመራጮች አንዱ ከቀረ ወይም ተጨማሪ በጀት ከተገኘ እንጠራሃለን፤ ቀኑን ግን መናገር አንችልም።

"በቃ፣ አልፏል!" አለ አንዱ። "የታለ ያለፈው? ወድቋል በጨዋ ቋንቋ" አለ ሌላው። ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። እናቴ ስለቱን አሁን ታስገባ ወይስ ግማሹን ብቻ እያለች አባ ነፍሷን ልትጠይቅ ሄደች። የዕቁቡ ጸሐፊ ጉዳዩን አጥንቶ፣ እንግዲያውስ ሁለት ሳይሆን አንድ ዋስ ይበቃሃል አለኝ። ጋሼ ብቻ በጀት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ያ ቬንትሌተሬን ቀድሞ የያዘው ባልደረባዬ ነው። ባጃጅ አስቁሞ መጥቷል። ደብዳቤውን ሰምቷል። አዘነልኝ፣ አጽናናኝ፣ አይዞህ አለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "አንተ ተጠባባቂ ከሆንክ" አለ፣ "ቬንትሌተሩንም እኔ በተጠባባቂነት ልያዘው። ከቀረህ እመልስልሃለሁ። ብቻ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዳትጠይቀኝ፣ ሙቀት ነው።"