የተዘረፈው ብር አድራሻ አለው

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ውስጥ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ኃላፊ በስልክ ተታለው ብራቸውን ላጡ እናት የሰጡት መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። «ሚስጥር ቁጥሩን ራስዎ ነው የሰጡት፤ ባንኩ ምን ያድርግዎት?» አሉ። እዚያው ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የተናገሩት ግን ባንኮቻችን በሙሉ ተመካክረው የያዙት የሚመስል አቋም ነው። ይሄ አቋም ደግሞ ሕዝቡን ለሌባ አሳልፎ እየሰጠ ነው።

እናትየው ሂርማታ ገበያ ኮረሪማና ዝንጅብል ይሸጣሉ። የደወለው ልጅ «ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው» አላቸው። ስማቸውን ከነአያታቸው ጠራ። በአማርኛ ጀምሮ አነጋገራቸውን ሲሰማ ወዲያው ወደ ኦሮምኛ ገለበጠው። «ሃዳ ኮ» እያለ እንደ ልጅ ቀረባቸው። ሲስተም እየታደሰ ነው፣ ካላረጋገጡ ሂሳብዎ ዛሬ ከሰዓት ይዘጋል አለ። ሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቀ። ከዚያ በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ አለ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ አነበበችላቸው። ወዲያው ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። ሁለቱም ብር መውጣቱን የሚናገር ነበር።

ዕቃቸውን ለጎረቤት ትተው በባጃጅ ባንክ ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ባንኩ «ከፖሊስ ደብዳቤ ያምጡ» አላቸው። ፖሊስ «ከባንኩ የሂሳብ መግለጫ ያምጡ» አላቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ወረቀቱ ተሟልቶ ሲቀርብ ብሩ የገባበት ሂሳብ ባዶ ነው ተባሉ። «ራስዎ ነው የሰጡት» የተባሉት ያን ጊዜ ነው።

እሺ፣ ሰጥተዋል። ግን ያ ልጅ የአያታቸውን ስም ከየት አመጣው? በየትኛው ባንክ ብር እንዳላቸው ማን ነገረው? ይህን መረጃ እሳቸው አልሰጡትም፤ ስልኩን ሲያነሱ በእጁ ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ ፎርም ከሚሞላበት ጠረጴዛ ሊወጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆይቷል። ከየትኛው መዝገብ እንደወጣ ተጠይቆ የተቀጣ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም።

አንዳንዶች ደግሞ «የሚታለለው ያልተማረው ነው» ይላሉ። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ በቴሌግራም «ቤት ውስጥ ሆነው ይሥሩ» ተብሎ ደመወዙን ያስረከበ ባለ ዲግሪ አውቃለሁ። አጭበርባሪ የሚሠራው ሰውን በማስደንገጥ ነው። የቸኮለ ሰው፣ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው፣ ሂሳቡ እንዳይዘጋበት የፈራ ሰው ዲግሪው አያድነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የሄደ ብር አየር ላይ አይተንም። የሚያርፍበት ሂሳብ አለ። ያ ሂሳብ ስም አለው። ሲከፈት መታወቂያ ቀርቧል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ ፊርማ ተፈርሟል፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ እየተጠየቀ ነው። ብሩ ወደ ሞባይል ገንዘብ ከዞረም ሲም ካርዱ የወጣው በመታወቂያ ነው። በኤጀንት ከወጣም ኤጀንቱ ይታወቃል፤ ሱቁ መንገድ ዳር ነው። በኤቲኤም ከወጣም ማሽኑ ላይ ካሜራ አለ። ከኪስ የተሰረቀ ብር ዱካ የለውም፤ በባንክ የተሰረቀ ብር ግን እያንዳንዱ እርምጃው በሰዓትና በደቂቃ ተጽፏል። ስለዚህ «ማግኘት አንችልም» የሚባለው ነገር ለእኔ አይዋጥም። የተዘረፉት እናት አድራሻ ከታወቀ የዘራፊው አድራሻም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰዎች በሂሳባቸው ካላቸው ብር በላይ ሲያወጡ አደሩ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የጅማ ተማሪዎችም ነበሩበት። ባንኩ ምን አደረገ? እያንዳንዱን ሰው በስሙ ለየ። ዩኒቨርሲቲዎች «ብር የወሰዳችሁ መልሱ» ብለው ማስታወቂያ አወጡ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ተለጠፈ። በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ብር ተመለሰ። ብሩ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ተላልፎ ነበር፤ ቢሆንም ተገኘ። በጥሬው ወጥቶ ነበር፤ ቢሆንም ተገኘ። የባንክ ብር ሲጠፋ የሚሠራ መንገድ የኮረሪማ ነጋዴ ብር ሲጠፋ የማይሠራበት አንድም የቴክኒክ ምክንያት የለም። ያለው የፍላጎት ጉዳይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርብ መከላከያ አለ፤ «የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የሌላ ሰው ሂሳብ መናገር አንችልም» የሚል። ማንም ስሙን ንገሩኝ አላለም። የተጠየቀው ሂሳቡን ለጥቂት ሰዓት እንዲያግዱት ነው። ደግሞስ በ2016 የደንበኞች ፎቶ ለአገር ሲታይ ምስጢሩ የት ነበር? ምስጢር የሚታወሰው ተጎጂው ደንበኛው ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ሌባው ነው ማለት ነው።

ሌላው አገር ይህን ጥያቄ መልሶታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ደንበኛው ተታሎ ራሱ የላከውን ብር ባንኮች እንዲመልሱ ይገደዳሉ፤ ጣሪያው 85 ሺህ ፓውንድ ነው። የሚገርመው ክፍያውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። ግማሹን የላከው ባንክ፣ ግማሹን የተቀበለው ባንክ። ለሌባ ሂሳብ የከፈተ ባንክ ከኪሱ ሲወጣ ሂሳብ የሚከፍተውን ሰው ማጣራት ይጀምራል። እንግሊዝ ሀብታም ነው ይባል ይሆናል። ይሁን። መክፈሉ ቢቀር ቅሬታ እንደደረሰ ማገድ ግን ሳንቲም አያስወጣም።

ጥፋቱ የባንክ ብቻም አይደለም። ስልካችን ከጠዋት እስከ ማታ በአጭር ቁጥር መልእክት ይጨናነቃል። ጥያቄ መልሰው መኪና ይሸለሙ፣ ዛሬ የመጨረሻው ዕድል ነው፣ ለማቆም ይህን ይላኩ። ይህን ሕጋዊ ተብሎ የሚላከውን እንቁልልጭ ለዓመታት ሲያነብ የኖረ ሰው «ዕድለኛ ነዎት፣ መቶ ሺህ ብር ወጥቶልዎታል» የሚል ስልክ ሲደወልለት ቢያምን ምን ይፈረድበታል? እያስለመዱት አይደል? ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘባችን ሁሉ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ስልክ ኪስ ከሆነ ያልጠየቅነውን መልእክት የሚልክ ሁሉ ኪሳችን ውስጥ እጁን እየከተተ ነው።

ባንኮቹ «እናስተምራለን» ይላሉ። «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል አንድ መስመር መልእክት ይልካሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ምን ይረባዋል? ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ወሬው ከተሰማ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እስከዚያው እርስ በርስ እንነጋገር። ከባንክ ነኝ የሚል ሰው ከደወለ ስልኩን መዝጋት ነውር አይደለም። ትልቅ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ስለምናፍር ነው ብዙዎቻችን የምንያዘው። ዝጉና ራሳችሁ ደውሉ፤ የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። የባንክ መልእክት በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ስልክ አይመጣም። «በስህተት ብር ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ካለ የደረሰህን መልእክት አትመን፤ ቀሪ ሂሳብህን ራስህ ገብተህ እይ። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር «ደውል» ካለህ አትደውል፤ ስልክህ የሚቀበለውን ጥሪ ወደ አጭበርባሪው የሚያዞር ሊሆን ይችላል። የማታውቀው የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጠርቶ ከጠፋ መልሰህ አትደውል። በተለይ እናቶቻችንን ቁጭ አድርገን በሚገባቸው ቋንቋ እንንገራቸው። ስልኩን ገዝተን የሰጠናቸው እኛ ልጆቻቸው ነን።

ይህ ሁሉ ግን ባንኩን ከኃላፊነት አያወጣውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማታለሉን ወንጀል ብሎታል። ብሔራዊ ባንክም ባንኮችን የማዘዝ ሥልጣን አለው። የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቅዳሜም እሑድም ሌሊትም በአማርኛና በኦሮምኛ የሚነሳ አንድ የቅሬታ ስልክ ይኑር። ደንበኛው «ተሰርቄያለሁ» ባለበት ደቂቃ ብሩ የገባበት ሂሳብ ለአንድ ቀን ይታገድ፤ የፖሊስ ደብዳቤ በኋላ ይምጣ። ውሸት የተናገረ ካለ ይጠየቅ፤ እሱም በመታወቂያው ይታወቃል።

ለጅማ ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይለቀማል። ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ የሚመጣው ገበሬ የዓመት ላቡን በባንክ ያስገባል። ደዋዮቹ ይህን ወቅት ከማናችንም በላይ ያውቁታል። የከተማችን ቅርንጫፍ ኃላፊዎች ለዋና መሥሪያ ቤታቸው መጻፍ ያለባቸው አሁን ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የተዘረፈ ገበሬ ወረፋ ይዞ ሲመጣ «ራስህ ነው የሰጠኸው» የሚለውን መልስ እኔም ሌላውም ዝም ብለን አንሰማም።