ደንገጎ ላይ ድሮኑ ብስክሌቱን አይከተል

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጡ ብስክሌተኞችን በድሮን መቅረጽ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚመርጠው ድሮኑን ከዳገቱ ግርጌ አስነስቶ ከኋላ ማስከተል ነው። ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ድሮኑ ከላይ ኩርባው ላይ ሆኖ ብስክሌተኛውን ይጠብቅ።

ጣጣው የሚመጣው ሪሞቱ ላይ ከሚታየው ቁጥር ነው። «ከፍታ 40 ሜትር» ሲል ከተነሳበት ቦታ ማለቱ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት ማለቱ አይደለም። ለጥ ባለው የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጎዳና ሁለቱ አንድ ናቸው። ዳገት ላይ ግን መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከወጣ፣ 1 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ 60 ሜትር ተነስቷል። ሪሞቱ አሁንም 40 ይላል፤ አስፋልቱ ግን ከድሮኑ 20 ሜትር በላይ ነው። ያኔ የሚያገኘው ተራራውን ነው። እንቅፋት የሚለይ ካሜራ ያላቸው ድሮኖች እንኳ ቀጭን የመብራት ሽቦና ቅጠሉ የረገፈ የግራር ቅርንጫፍ ያመልጣቸዋል።

ከላይ ከተነሱ ይህ ሁሉ ይቀላል። ድሮኑ ወደ ታች ሲወርድ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ሊያስደነግጥ አይገባም። ከመነሳቱ በፊት በራሱ የሚመለስበትን ከፍታ በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር ቢያንስ 30 ሜትር አስበልጡ፤ ኩርባው ሲግናሉን ከጋረደው የሚያድነው ይኸው ነው። ከዚያ ከመንገዱ ዳር 20 ሜትር ወጣ ብሎ በሸለቆው በኩል ይቁም። በዚህ መንገድ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚከንፉ መኪኖች ይወርዳሉ፤ ሾፌር ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሳት የለበትም። ድሮኑ ቢወድቅም ገደል ይግባ እንጂ ሰው ላይ አይረፍ።

ብርሃኑ ሌላ ፈተና ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ሹተሩ፣ ማለትም ለአንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ቢሆን የጎማው ሽቦዎች ሲሽከረከሩ እንደ ዓይናችን ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። በቀትር ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ ቀዳዳው ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ያለ ፊልተር ሹተሩን ወደ 1/3200 ይገፋዋል፤ ጎማው የቆመ ይመስላል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ብርሃኑን ወደ 1/64 የሚቀንሰው ጠቆር ያለ መስታወት፣ ኤንዲ 64 ፊልተር፣ ይህን ያስተካክላል። የተሻለው ግን ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2 ሰዓት መቅረጽ ነው፤ ጥላው ይረዝማል፣ ዳገቱን ይዞ የሚወጣው ነፋስም ገና አልበረታም።

ሙቀቱን አትናቁ። የብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች ወሰን 40 ዲግሪ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ ሳይበር ያንን ያልፋል። ጥላ ውስጥ ያዙት፣ ካረፈ በኋላም ሳይበርድ ቻርጅ አታድርጉት። በከተማው መሃል ባለው በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ከካርቶን ላይ አስነሱ፤ ሞተር ውስጥ የገባ አሸዋ ቶሎ አይወጣም።

አንድ ሰው ሪሞቱን ሲይዝ ሌላው ሰማዩን ይጠብቅ። ጭልፊት መዞር ከጀመረ ድሮኑን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማውጣት፣ ከዚያ ርቆ ማሳረፍ ነው፤ ወፏ ቀጥታ ሽቅብ ለመውጣት ትቸገራለች። ፈቃድ ሳይኖር ደግሞ ድሮኑ ከሻንጣው አይውጣ፤ ኤርፖርቱ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ በተለይ ከዚራና አካባቢው ላይ። ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ፣ የመጨረሻው ብስክሌተኛ ገና ኩርባው ጋ ባይደርስም፣ ይረፍ።