ሕመሙስ ጠፋ፣ እግሩስ?

ጉልበቱ በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን «እስቲ ተነስ» ይባላል። ቶሎ መራመድ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ፣ መገጣጠሚያውም ግትር እንዳይል ይረዳል። ግን እንደዚያ እያመመው ማን ይነሳል? ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው በአልትራሳውንድ እያየ፣ ወደ ጉልበት የሚወርደውን ነርቭ በመርፌ ያደነዝዛል። ክርክሩ የት ላይ ይወጋ የሚለው ነው።

ለብዙ ዓመታት መልሱ ብሽሽት ነበር። እዚያ ያለው ፊሞራል ነርቭ ሲደነዝዝ ሕመሙ በእርግጥም ጸጥ ይላል። ችግሩ፣ ኳድሪሴፕስ የሚባለውን የጭን የፊት ጡንቻ የሚያዘውም ይኸው ነርቭ ነው። ጉልበታችንን ዘርግተን የምንቆመው በዚህ ጡንቻ ነው። ታካሚው ምንም አላመመውም፤ ደስ ብሎት ይነሳል፤ ጉልበቱ ከሥሩ እጥፍ ይላል። ሕመም ክፉ ነው፣ ቢያንስ ግን «ቆይ» ይላል።

ወረድ ብሎ፣ ከጭኑ መሐል በውስጥ በኩል፣ አዳክተር ካናል የሚባል መተላለፊያ አለ። እዚያ ሲደርስ ነርቩ አብዛኞቹን የጡንቻ ቅርንጫፎች ጥሎ አልፏል። የሚቀረው በዋናነት ስሜት ተሸካሚው ሳፌነስ ነርቭ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። የብሽሽቱ መርፌ የኳድሪሴፕስን አቅም በ49 በመቶ ሲቀንስ፣ የአዳክተር ካናሉ በ8 በመቶ ብቻ ቀንሷል። በኋላ በታካሚዎች ላይ በተደረጉ ንጽጽሮችም የሕመም ማስታገስ አቅማቸው ብዙም አይራራቅም። እንግዲያው ብሽሽት ላይ መውጋት በልማድ የሚቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም። የተለየ ምክንያት ያለው ባለሙያ ያስረዳ።

አዳክተር ካናል ተአምር ነው ማለቴ ግን አይደለም። የጉልበቱን ጀርባ አይደርስበትም። ለዚያ ሲባል በጭን ጀርባ የሚወርደውን ሳያቲክ ነርቭ ማደንዘዝ ደግሞ ከጉልበት በታች ያለውን እግር ያዝለዋል፤ በቀዶ ሕክምናው ነርቭ ተጎድቶ ከሆነም ይደብቃል። አሁን አይፓክ የተባለው፣ ከጉልበቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዘው መርፌ የተሻለ አማራጭ ይመስለኛል። በአዳክተር ካናል የሚሰጠው መድኃኒት ሲበዛም ከካናሉ ሽቅብ ተጉዞ ጡንቻውን ሊያዝለው ይችላል።

ደግሞም እግሩን የሚያደክመው መርፌው ብቻ አይደለም። ቀዶ ሕክምናውና እብጠቱ ራሳቸው ኳድሪሴፕስን ለሳምንታት ያዳክሙታል። ስለዚህ የትኛውም መርፌ ይሰጥ፣ ታካሚው ከአልጋ ከመውረዱ በፊት ተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያንሳ። ካልቻለ፣ «አያመኝም እኮ!» ቢልም ብቻውን አይነሳ።