መልስ ያጣ ተረብ

ስለ ኢትዮጵያ ቀልድ በተነሣ ቁጥር ጨዋታው አለቃ ገብረ ሃና ጋ ሳይደርስ አያልቅም። የአለቃ ቀልድ በሰምና ወርቅ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ከልብ ለመሳቅ አማርኛን ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል። ድሬዳዋ ግን የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ጎን ለጎን የኖሩባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ ቋንቋ ረቂቅነት ላይ የተመሠረተ ቀልድ ብዙውን አድማጭ ከደጅ ያስቀረዋል። የድሬ ሰው በተረብ የተካነው፣ በእኔ ግምት፣ ስለዚህ ነው።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የቀልድን አጠቃቀም በአራት ከፍለውታል፤ ሰውን የሚያቀራርብ፣ ራስን የሚያበረታ፣ ሌላውን የሚያጠቃና ራስን የሚያዋርድ ብለው። ክፍፍሉ ጠቃሚ ቢሆንም የድሬን ተረብ አንዱ ክፍል ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። በከዚራ ሠፈር ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመጋላ ሠፈር የጫት በርጫ ላይ አንዱ የሌላውን መላጣ፣ ንፉግነት ወይም የአማርኛ አነጋገር ሲያነሣ፣ ቃሉ ጥቃት ሆኖ ሳለ ውጤቱ መቀራረብ ነው። ተተራቢው እዚያው አለ፤ «አቦ!» ብሎ ተራውን ይቀበላል፤ ታላቅን «አንተ» ማለት እንደ ድፍረት በማይቆጠርበት ከተማ ደግሞ ዕድሜም ሆነ ሀብት ከአጸፋው አያስጥልም።

በመድረክና በቲክቶክ የሚቀርበው ቀልድ ይህን ሥርዓት አፍርሶታል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው አነጋገር አስመስሎ ማሳቅ የቆየ ጥበብ ነው፤ እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን የተቀለደበት ሰው በሌለበት፣ ሺዎች በአንድ ወገን ሆነው ሲስቁ፣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ሳቅን ድንገት ከሚሰማን የበላይነት ጋር ያገናኘበት አሳብ ትክክል መሆን ይጀምራል። የድሬ ልጅ ራሱ የዚህ ሰለባ ነው፤ በሌላ ከተማ በሚሠራ አስቂኝ ድራማ ውስጥ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጫት ይዞ፣ «አቦ» እያለ ይገባል፣ ተስቆበትም ይወጣል። ሽርጡም ጫቱም ይቀጥሉ፣ ግድ የለም፤ የድሬውን ገጸ ባሕርይ የሚጽፉ ደራስያን ግን አጸፋ የሚመልስበት ቃለ ተውኔትም ይጻፉለት፤ ድሬ ላይ ዝም ብሎ የሚተረብ ሰው አይገኝምና።