ዕቁብ የተጣለበት መንጋለያ

ትናንት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት 214 መልእክት ጠበቀኝ። ደነገጥኩ። አገር ቤት ሰው የሞተ መሰለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስከፍተው ለካ ግሩፑ ነው። «የሳን ትሮፔ ቤተሰብ» ይባላል። ማን እንዳስገባኝ አላውቅም። መውጣት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከማኅበር እንደመውጣት ነው፤ ያስወራል። አብዛኛው መልእክት የሚከራከረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነበር። በኦገስት ለአንድ ሳምንት ሳን ትሮፔ ስንሄድ፣ በደረስንበት የመጀመሪያ ቀን ነጭ በነጭ እንልበስ ወይስ ቤዥ?

እናንተም እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእናንተ የግሪኳ ደሴት ማይኮኖስ ትሆናለች፤ ወይም የስፔኗ ኢቢዛ። ስሙ ይለያይ እንጂ በሽታው አንድ ነው። ይቅርታ፣ በሽታ ማለቴ አይደለም። ጥበብ ነው። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ሰርግ ላይ ሦስት ሰዓት አርፍዶ የሚደርስ ሕዝብ ለአንድ ሳምንት ባሕር ስምንት ወር ሙሉ ሲያቅድ ማየት ያኮራል።

ለማታውቋት፣ ሳን ትሮፔ በደቡብ ፈረንሳይ ያለች 4,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ሠዓሊው ፖል ሲኛክ እ.ኤ.አ. በ1892 በጀልባው መጥቶ ብርሃኗን ወደደላት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተዋናይቷ ብሪጂት ባርዶ ለፊልም ሥራ መጣች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ከዓሣ አጥማጅ ይልቅ ሰው አጥማጅ በዛ። ስሟ የመጣው ከአንድ ሰማዕት ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱስ ቶርፔስ በኔሮን ዘመን በጣሊያኗ ከተማ በፒሳ አንገቱን ተቀላ። አስከሬኑን ከአንድ ውሻና ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ጀልባ ላይ ጥለው ለቀቁት። ማዕበሉ እየገፋ እዚያ ዳርቻ አደረሰው። ያለ ዕቅድ፣ ያለ ቀብድ፣ ያለ ጭንቅላት። ከእሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ዕቅድም ቀብድም አላቸው። ስለ ሦስተኛው እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህን ታሪክ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ጠበሉ ለምን ይሆናል? ለወገብ ይሆናል?» አለች። ልንሄድ ነው ስላት ተሳላሚ መስለናት ነው። አላረምኳትም። እልል ብላ መረቀችኝ።

የግሩፑ አማካሪ አንድ ወንድማችን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት ኒስ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ያደረ ሰው ነው። እግዜር ይስጠው፣ ያቺን ሌሊት ለሕዝብ ጥቅም አውሏታል። «ትሮፔዝ» ያለውን ሁሉ ያርማል፤ «ዝ» ትዋጣለች ይላል። «ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ምርጥ ቡና አለ፤ እዚያ ነው የምንገናኘው» ብሎም አዟል። ችግሩ ሳን ትሮፔ ባቡር ጣቢያ የላትም። ሳን ራፋኤል ላይ ወርዶ በአውቶቡስ ወይም በጀልባ ነው የሚገባው። በበጋ መንገዱ ይጨናነቅና መኪና ከእግረኛ ይዘገያል። ይህን ስጽፍ የመጣልኝ መልስ «ብሮ፣ ኔጋቲቭ አትሁን» የሚል ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። የባቡር ሐዲድ አለመኖሩ የእኔ ጥፋት ይመስል።

ማረፊያውም ተገኝቷል። «ሳን ትሮፔ አካባቢ» ነው። «አካባቢ» የምትለው ቃል እንዴት ያለች ጉልበተኛ ናት! ፍሬዡስን የሚያህል ከተማ ተሸክማ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር አምጥታ ወደቡ ላይ ታሳርፋለች። ታዋቂው ፓምፕሎን የተባለው ባሕር ዳርቻ እንኳ የሳን ትሮፔ አይደለም፤ ራማቱኤል የምትባለው የጎረቤቷ ግዛት ነው። ለገጣፎ ተቀምጦ ቦሌ ነኝ ብሎ እንደመለጠፍ ነው። ግን ራማቱኤል ብሎ ቢለጥፍ ማን ላይክ ያደርገዋል?

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ ልምጣ። መንጋለያው፤ ባሕር ዳር በጀርባ የሚንጋለሉበት አልጋ።

በፈረንሳይ ሕግ ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ፓምፕሎንን በመሰለ የተፈጥሮ ዳርቻ ቢያንስ 80 በመቶው ለማንም ክፍት መሆን አለበት። አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ አሸዋ! ፎጣህን ታነጥፋለህ፣ ትተኛለህ፣ የሚጠይቅህ የለም። ይህን የምሥራች ስነግራቸው አንዷ «ፎጣ? ፎጣ ላይ ተኝተን ፎቶ ልንነሳ?» አለች። ያፈርኩት ማፈር! ስለዚህ ባለ ጥላ መንጋለያ እንከራይ ተባለ። ለእያንዳንዱ ሰው መከራየት ግን ኪስ ይጎዳል። እኔን ጨምሮ 11 ነን። አንድ መንጋለያ ይበቃል ተባለ።

አንድ መንጋለያ ለ11 ሰው። ፈረንጅ ቢሆን ይጣላ ነበር። እኛ ዕቁብ አለን።

ዳኛ ተመረጠ። ጸሐፊ ተመረጠ። ኤክሴል ተዘረጋ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከ20፣ በድምሩ 440 ደቂቃ፣ ለነፍስ ወከፍ 40 ደቂቃ። ከ40ው ውስጥ 10 ለጸጉርና ለልብስ ማስተካከያ፣ 25 ለፎቶ፣ 5 ለርክክብ። አዎ፣ ርክክብ። ተረካቢው ፎጣዋን፣ የገለባ ባርኔጣዋንና ብርጭቆዋን ቆጥሮ ይረከባል። ብርጭቆዋ አንዲት ናት። ሮዝ ነገር አለባት፣ ሎሚ ተሰክቶባታል። መጠጣት ክልክል ነው። የጠጣ ይተካል። ሰባተኛው ሰው ጋ እስክትደርስ በረዶዋ ይሟሟል የሚል ስጋት ተነሣ፤ አርቆ አሳቢ አይጠፋምና አንዷ የፕላስቲክ በረዶ ከወዲሁ አዛለች። ለነገሩ ደርሷል፤ ፎቶውን አይቻለሁ፤ እውነተኛ ይመስላል።

ዕጣው በቪዲዮ ወጣ። ፀሐይ በረድ ስትል ያለችው የመጨረሻዋ ተራ፣ ፊት የምታወዛዋ፣ ያለ ዕጣ ለዳኛው ሆነች። ልማድ ነው። ቀትር የደረሳት እህት አለቀሰች፤ የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ባሏ የራሱን ዕጣ ለቀቀላት። እንዲህ ያለ ፍቅር ካየሁ ቆይቻለሁ። አንዱ ዕጣውን በ30 ዩሮ እሸጣለሁ አለ። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሰው፣ ጋሼ፣ ቁም ነገር ያለበት ጥያቄ አነሡ። «ዕቁብ የወሰደ ሰው ዋስ ይጠራል። መንጋለያው ላይ የወጣ ሰው ደግሞ እንደሚነሣ ዋሱ ማነው?» ግሩፑ ለአምስት ደቂቃ ጸጥ አለ። አሁን እያንዳንዱ ተኚ ሁለት ዋስ አለው። የእኔ ዋሶች የሥራ ባልደረባዬና የባልደረባዬ ሚስት ናቸው።

እኔ ሞኙ «ባሕሩ ውስጥ የሚገባውስ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «በዚህ ጸጉር?» ተባልኩ። ከምንኖርበት ከፍራንክፈርት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ የሚኬደው ባሕር ከበስተጀርባ ይቆማል። እሱም ነጭ ወይም ቤዥ ባለመልበሱ ቅር ተሰኝተውበታል።

ቀጥሎ ጀልባ መጣ። ለሁለት ሰዓት እንከራይ፣ ድምፅ ስጡ ተባለ። ከእኛ ጋር አንድ ልጅ አለ። ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ ምንም ጽፎ አያውቅም። ቀብዱን ግን ከሁሉም ቀድሞ ነው የከፈለው። ስሙን እየጠሩ ድምፅህን ስጥ አሉት። «እኔ ጀልባው ይቅርብኝ። ባሕሩን አውቀዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ከሊቢያ በጎማ ጀልባ ነው የመጣው። ሁላችንም እናውቃለን። አብረውት ከተሳፈሩት ያልደረሱ እንዳሉም እናውቃለን። አንዱ ወዲያው «እንግዲያማ ካፒቴኑ ተገኘ!» አለና ሦስት የሚስቁ ፊቶች ደረደረ። ስድስት ሰው አብሮት ሳቀ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። መዝናናት ኃጢአት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሲያነሣና ሲያጥብ የከረመ ሰው ባሕር ቢያምረው ሲያንሰው ነው። ግን ያ ባሕር የልጆቻችን መቃብር ነው። ሰው «ይቅርብኝ» ሲል የሚሳቅበት ከምን የተሠራ አፍ ነው? እኔም አፍሬያለሁ፤ አንብቤ ዝም ብያለሁና። የሌሊት ሥራ ልገባ ነው፣ ነገ እጽፋለሁ ብዬ።

ጠዋት ከ214ቱ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አነበብኩ። 213ኛው ልጁ ግሩፑን እንደለቀቀ የሚናገር የስልኩ ማስታወቂያ ነው። 214ኛው የጸሐፊያችን ነው። «ቤተሰብ፣ 10 ሆነናል። ለአንድ ሰው 44 ደቂቃ ደርሷል። ኤክሴሉን አስተካክያለሁ።»